ለወፍ ቀለበት የሚጠለቅበት የኅዳር ማለዳ፦ ኢየሩሳሌም ላይ ለምትጀምሩ በጎ ፈቃደኞች

ወደ ጣቢያችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ምኞቱ አንድ ነው፤ ወፏን በእጁ መያዝ። የምንሰጠው ግን እርሳስና መዝገብ ነው። አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ይህን የምጽፈው እናንተን ቅር እንዳይላችሁ ነው። ወፍ መያዝ በጊዜው ይመጣል። በዚያ ማለዳ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የጸሐፊው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ወደ ጠረጴዛው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ጣቢያው የኢየሩሳሌም የወፎች መመልከቻ ይባላል። የማለዳው ሥራ ወፎችን በመረብ ይዞ፣ ቁጥር ያለው ቀለበት በእግራቸው ላይ አጥልቆ፣ ለክቶና መዝግቦ መልቀቅ ነው፤ ቀለበቱን የሚያጠልቀውን ሰው ባለሙያው እለዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ሲሆን፣ ቦታው በክኔሴት (በፓርላማው)ና በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መካከል፣ ከሳከር ፓርክ አጠገብ ነው። ስፋቱ ግማሽ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ኩሬ፣ አገር በቀል ዛፎችና ቁጥቋጦዎች፣ ተሸሽጎ ወፍ ማያ አንድ ክፍል። ይህች ቁራጭ መሬት ምን እንደምትጠቅም የሚገባን በሌሊት በላይዋ የሚያልፉትን ስናስብ ነው። እስራኤል አውሮፓ፣ እስያና አፍሪካ የሚገናኙባት ጠባብ መተላለፊያ በመሆኗ፣ ግማሽ ቢሊዮን ያህል ወፎች በየዓመቱ ሲሄዱም ሲመለሱም በሰማይዋ እንደሚያልፉ ይገመታል። ከትናንሾቹ ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ሊነጋጋ ሲል ድካምና ረኃብ ያወርዳቸዋል። ከሥራቸው የሚጠብቃቸው አስፋልትና ድንጋይ ነው። ውኃና ቁጥቋጦ ያለባት ግማሽ ሄክታር ያን ጊዜ ነፍስ ታድናለች።

ኅዳር፣ የስግድ በዓል በሚውልበት ሰሞን፣ የጉዞው መገባደጃ ነው። ሽመላዎቹ ካለፉ ቆይተዋል። በመስከረም መረባችን ውስጥ ይበዙ የነበሩት ነጭ ጉሮሮዎች ሱዳንና ኢትዮጵያ ገብተዋል። አሁን የምናገኛቸው ደረቷ ብርቱካንማ የሆነችው ሮቢን፣ ሰባት ግራም ገደማ የምትመዝነው ቺፍቻፍ፣ ወንዱ ጥቁር ሴቷ ቡናማ ቆብ ያጠለቁ የሚመስሉት ብላክካፕ፣ ከነሱም ጋር ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩት ቡልቡል የሚባሉት ጯሂ ወፎችና የአበባ ወለላ የሚቀስሙት ትናንሾቹ ጹፊቶች ናቸው። ቁጥራቸው ከመስከረሙ ያንሳል፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ሥራው ረጋ ይላል፣ ባለሙያውም ለማስረዳት ጊዜ ያገኛል።

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት

በዋዜማው ደውላችሁ ሥራ መኖሩን አረጋግጡ። ዝናብ ካለ ወይም ነፋስ ከበረታ መረብ አይዘረጋም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። መረብ ውስጥ የረጠበች ወፍ ሙቀቷን በደቂቃዎች ታጣለች። ኅዳር የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የሚጥሉበት ወር ስለሆነ ማለዳው በመጨረሻው ሰዓት ሊሰረዝ ይችላል። ያን ቀን ተመልሳችሁ ተኙ።

ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ እናንተ 11 ሰዓት ላይ መድረስ አለባችሁ። መረቡ ተዘርግቶ ማለቅ ያለበት ወፎቹ ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ነውና። በዚያ ሰዓት የሕዝብ ትራንስፖርት ስለማያስተማምን መኪና ካለው ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከተማዋ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ማለዳው ይበርዳል። ደራርባችሁ ልበሱ፤ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ያዙ።

ልብስን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። መረቡ እጅግ ቀጭን ክር ስለሆነ አዝራር፣ ዚፕ፣ የእጅ አምባር፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የጣት ቀለበት ሁሉ ይይዘዋል። ነጠላ ለብሳችሁ እንዳትመጡ፤ ዘርፉ በመረቡ ከተያዘ ለማላቀቅ የሚፈጀው ጊዜ ለወፍ ሊውል ይገባው የነበረ ጊዜ ነው። ከፊት አዝራር የሌለው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሹራብ ከሁሉ ይሻላል።

ለእናቶችና ለእኅቶች ደግሞ ይህን ለብቻው እነግራለሁ፤ በዕብራይስጡ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ፀጉራችሁን ቅቤ ከተቀባችሁ ጥሩ አድርጋችሁ ሻሽ እሰሩ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። የእጅ ቅባትና የትንኝ መከላከያም እንደዚሁ ናቸው። የወፍ ላባ ውኃና ብርድ የሚከላከለው ንጹሕ ሆኖ እርስ በርሱ ሲጋጠም ነው፤ ቅባት ሲነካው ይጣበቃል፣ ወፏም ለብርድ ትጋለጣለች።

መረቡና ዙሩ

መረቡ 12 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ አለው። በሁለት ቋሚዎች መካከል ይወጠራል። ከላይ እስከ ታች በአግድም የሚያልፉ ጠንከር ያሉ ገመዶች አሉት፤ በገመዶቹ መካከል ያለው ስስ መረብ ሆን ተብሎ ልል ተደርጎ ይተዋል። ወፏ መረቡን ስትመታ ወደ ታች ትወርዳለች፣ የላላው መረብ ከሥሯ ኪስ ሠርቶ ይቀበላታል። በጣም ከተወጠረ ወፏ ነጥራ ታመልጣለች። በጣም ከላላ ደግሞ ኪሱ ይረዝምና የታችኛው ረድፍ መሬት ይነካል። ይህ ሁለተኛው ነው የሚያስፈራን። መሬት ጤዛ አለው፤ ድመትም አለ። የኢየሩሳሌምን ድመቶች ብዛት የማያውቅ የለም፤ መረቡ ያለበትን ቦታ ደግሞ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ስለዚህ መረብ ስትዘረጉ የታችኛውን ገመድ በዓይናችሁ ሳይሆን በእጃችሁ ፈትሹ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ እጃችሁን አሳልፉ። ቅጠልና ጭራሮ ካለም አንድ በአንድ ልቀሙ።

መረቦቹ ከተከፈቱ በኋላ በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ዙር ይኬዳል፤ ሲበርድ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ሰዓት ያዡ በጎ ፈቃደኛ ነው። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ በሥራ ተጠምዶ ሳለ «ሰዓቱ ደርሷል» ማለት አያሳፍርም፤ እንዲያውም ይጠበቅባችኋል። ቡና እየፈላ ቢሆንም፣ ጎብኚዎች ጥያቄ እየጠየቁ ቢሆንም ዙሩ ይቀድማል።

በዙሩ ላይ የመጀመሪያ ሥራችሁ ማየትና መቁጠር ነው። በየመረቡ መጨረሻ ቁሙ፣ ከጫፍ ጫፍ ተመልከቱ፣ የታችኛውን ኪስ አትርሱ። ቺፍቻፍ በጥላ ውስጥ ደረቅ ቅጠል ትመስላለች፤ ዝም ብላ ከተንጠለጠለች ታልፏታላችሁ። ወፍ ስታገኙ አትንኳት፤ ባለሙያውን ጥሩ፣ እዚያው ቁሙ። ከመረብ ማውጣት ፈቃድና ረጅም ሥልጠና ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ምክንያቱን አንዴ ሲሠሩ ካያችሁ አትጠይቁም። ባለሙያው መጀመሪያ ወፏ የገባችው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይፈልጋል፤ በገባችበት ነውና የምትወጣው። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከእግሮቿ ይጀምራል፣ ጣቶቿ የጨበጡትን ክር አንድ በአንድ ያስለቅቃል፣ ቀጥሎ ክንፎቹን፣ በመጨረሻ ራሷን። ክር አይጎተትም። አንዳንዴ አንድ ክር ከክንፍ መታጠፊያ ላይ ለማንሳት እስትንፋስ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ወፎቹም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሮቢን ጸጥ ትላለች፤ ቡልቡል ይጮኻል፣ ይነክሳል፣ ሠፈሩን ያሸብራል።

በአንድ መረብ ብዙ ወፎች ካሉ ትናንሾቹ ይቀድማሉ፤ ጹፊትና ቺፍቻፍ ቶሎ ስለሚበርዳቸው። ወፏ ከወጣች በኋላ የጥጥ ከረጢት አቅራቢ እናንተ ናችሁ። ለአንዲት ወፍ አንድ ከረጢት። አፉን ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ፣ ስትገባ ገመዱን ሳቡ፣ የመረቡን ቁጥር የያዘውን መቆንጠጫ አድርጉበት። ከረጢቱ ይንጠለጠላል እንጂ መሬት ላይም ወንበር ላይም አይቀመጥም። አንድ ሰው ሳያይ ሊቀመጥበት ይችላል፤ ይህ በቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። ስትሸከሙትም ከሰውነታችሁ ራቅ አድርጉት። ጨለማ ስለሆነ ወፏ ውስጡ ትረጋጋለች፤ የጨርቁ ትንሽ እንቅስቃሴ ብቻ ነው ሕይወት እንዳለበት የሚነግራችሁ።

ጠረጴዛው

እኔ እንጀራዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ሥራ ነው። በሙያችን ስሙ በስህተት የተጻፈበት የደም ብልቃጥ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢቀዳ ይጣላል፤ በሽተኛውም በከንቱ ተወጋ ማለት ነው። የወፏም ነገር ለእኔ ያው ነው። መያዝ፣ መታሰር፣ በሰው እጅ መገላበጥ ለአንዲት ሰባት ግራም ለምትመዝን ፍጥረት ትልቅ ድንጋጤ ነው። ይህን ድንጋጤ በእሷ ላይ ለማድረስ መብት የሚሰጠን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእሷ የተገኘው ነገር በትክክል መጻፉ። ቁጥሩ ከተሳሳተ ያቺ ወፍ በእግሯ ላይ የተሸከመችው ትርጉም የሌለው ብረት ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ባለሙያው ወፏን ከከረጢት አውጥቶ አንገቷን በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል፣ ጀርባዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ይይዛታል። የቀሩት ጣቶች ሰውነቷን ያቅፋሉ እንጂ አይጨምቁም። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው፤ ደረቷ ከተጨመቀ ትታፈናለች። ቀጥሎ ዓይነቷ ይለያል፣ ለእግሯ ልክ የሚሆነው ቀለበት ይመረጣል፣ በልዩ ፒንሳ ይገጠማል። ባለሙያው ቀለበቱን በእግሯ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ዙሪያውንም አዙሮ ይሞክረዋል፤ ሳይጠብቅ መሽከርከር፣ ሳይላላ በጣቶቿ አለማምለጥ አለበት። ቀለበቱ አሉሚኒየም ነው፤ ለቺፍቻፍ የሚሆነው ክብደቱ ከራሷ ክብደት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በላዩ ላይ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ስምና በዓለም ላይ ሌላ ወፍ የማይዘው ቁጥር ተቀርጿል።

አሁን ጸሐፊው ይጀምራል። ባለሙያው ቁጥሩን ከቀለበቱ ላይ ያነባል፤ ቀለበቶቹ በተርታ ስለሚመጡ «ቀጣዩ ቁጥር ይህ ነው» ብላችሁ ከራሳችሁ አትጻፉ። አንዱ ወድቆ ተርታው ተዛንፎ ሊሆን ይችላል። ጻፉ፣ ከዚያ ጮክ ብላችሁ መልሳችሁ አንብቡለት። ዕብራይስጥ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆንን ሰዎች ሼሽና ሼቫ በጠዋት ብርድ፣ ፒንሳ በአፉ በያዘ ሰው ሲነገሩ አንድ ይመስላሉ። ስድስት ነው ሰባት ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ጣታችሁን አውጥታችሁ አሳዩት። ያልሰማችሁትን በግምት አትሙሉ፤ ባዶ የተተወ ሳጥን ከሐሰተኛ ቁጥር ይሻላል። ስትሳሳቱ በላዩ ላይ አትደጋግሙበት፤ በአንድ መስመር ሰርዙና አጠገቡ ጻፉ። በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ጤዛ ሲነካው ይፈስሳል።

አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሰዓት ነው። ወፏ የተያዘችው ለእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን 06:30 መሆን አለበት። 12:30 ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀትር ላይ የተያዘች ወፍ ትሆናለች፤ የሌሊት ተጓዦች መቼ እንደሚወርዱ የሚያጠና ሰው ያንን ረድፍ አምኖ ይሳሳታል። የእጅ ሰዓታችሁን አይታችሁ እንዳለ ቅዱት።

ዕድሜ ቀጥሎ ይመጣል። ይህ ለእኔ የማለዳው በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። ሮቢን ወንዱም ሴቷም አንድ መልክ ስላላቸው ጾታ ባዶ ይተዋል፤ ዕድሜዋን ግን ክንፏ ይናገራል። ባለሙያው ክንፏን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያዞር፣ በትልልቆቹ የክንፍ ሽፋን ላባዎች ጫፎች ላይ እሾህ የሚመስሉ ቢጫማ ነጠብጣቦች ካሉ ዘንድሮ የተፈለፈለች ናት። ወንድ ብላክካፕም በመጀመሪያው ዓመቱ በጥቁሩ ቆብ ውስጥ ጥቂት ቡናማ ላባዎች ሊኖሩት ይችላሉ። ጸሐፊው ይህን የሚጽፈው በቁጥር ነው፤ 3 ማለት የዘንድሮ፣ 4 ማለት ከዘንድሮ የቆየች፤ ዘንድሮ የምንለው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሉ ጣቢያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ቁጥር ስለሆነ መዝገባችን ፊንላንድ ውስጥም ይነበባል።

ክንፍ በማስመሪያ ይለካል፤ በፍጥነት እናልፈዋለን፣ በሚሊሜትር አንድ ቁጥር ነው። ስብ ግን ማየት ተገቢ ነው። ባለሙያው የደረቷን ላባ በትንፋሹ ሲገልጠው ቆዳዋ እንደ ስስ ወረቀት የሚያሳልፍ ስለሆነ ውስጧ ይታያል። ጡንቻው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ስቡ ቢጫ። ከጉሮሮዋ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ስቡ ምን ያህል እንደሞላ ታይቶ ከ0 እስከ 8 ነጥብ ይሰጣል። በዚያው መረብ፣ በዚያው ደቂቃ የተያዙ ሁለት ወፎች እዚህ ላይ ይለያያሉ። ሮቢኗ ክረምቱን፣ የብርዱን ወራት ማለቴ ነው፣ እዚሁ የምታሳልፍ ስለሆነች ብዙ ስብ አትይዝም። ብላክካፑ ግን የኔጌቭን፣ የሲናንና የሰሐራን በረሃ ተሻግሮ ምሥራቅ አፍሪካ ሊገባ ያሰበ ከሆነ ፍሬ እየበላ ይወፍራል፤ ዘወትር 18 ግራም ገደማ የሚመዝነው ወፍ ከ20 ግራም በላይ ይሆናል።

እናቴን አንድ ማለዳ ይዣት መጥቼ ባለሙያው የአንድ ብላክካፕ ደረት ገልጦ አሳያት። ጎንበስ ብላ ተመለከተችና «ስንቋን ይዛለች» አለች። ተረጎምኩለት። በጎንደር ገጠር ልጅ ሳለች ሽመላዎች ሲያልፉ ልጆቹ ቀና ብለው ስለ ኢየሩሳሌም ይጠይቋቸው እንደነበረም ነገረችው። ሰውየው ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ነው፤ ሽመላ ወዴት እንደሚሄድ ከመጽሐፍም ከቀለበትም ያውቃል፤ ከሚጠብቃቸው ወገን ሰው ጋር ሲነጋገር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የስቡን ነጥብ ስጽፍ «ስንቅ» እያልኩ በልቤ እቆጥራለሁ።

ሚዛን የመጨረሻው ነው፤ ወፏ ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ራሷን ወደ ታች አድርጋ ትገባለች፣ ለአፍታ ጸጥ ትላለች፣ ግራሙ ይነበባል። ከከረጢት እስከ መለቀቅ ያለው ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሠለጠነ እጅና ንቁ ጸሐፊ ከተገናኙ ከዚያም ያጥራል።

በዚህ መካከል ወፏ አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ዓይኗን መክደን ከጀመረች ወይም ላባዋን ነፍታ ከተኮማተረች ሥራው እዚያው ይቆማል። ክንፍ አልተለካም፣ አልተመዘነችም፣ ምንም አይደለም። ትለቀቃለች፤ መብረር ካቃታትም ጸጥ ባለ፣ ሞቅ ባለና ጨለማ በሆነ ቦታ ታርፋለች። ጠረጴዛው ላይ ይህን ምልክት መጀመሪያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ነው፤ የባለሙያው ዓይን ላባው ላይ ነውና። አይታችሁ ዝም አትበሉ።

ቀለበት ይዛ የመጣች ወፍ

በማለዳው መካከል ባለሙያው ከረጢት ከፍቶ ድምፁን ከፍ ካደረገ፣ ወፏ ቀድሞውኑ ቀለበት አላት ማለት ነው። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ቁጥሩን ሁለት ሰዎች ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ያነባሉ። አሮጌ ቀለበት ሊያልቅ፣ ሊቧጨር ይችላል፤ 3 እና 8 ይምታታሉ። የሌላ አገር ቀለበት ከሆነ ፎቶ ይነሳል፣ በላዩ የተጻፈው ሁሉ ፊደል በፊደል ይገለበጣል።

ሮቢኖች ክረምቱን ወዳሳለፉበት ቦታ የመመለስ ልማድ አላቸው። ባለፈው ዓመት ከዚሁ ቁጥቋጦ ሥር የተያዘች ሮቢን ወደ ሰሜን ሄዳ ጫጩት አሳድጋ፣ ባሕርና ተራራ አቋርጣ ወደዚያው መረብ ልትመለስ ትችላለች። የጥንቱ ሊቅ አርስጣጣሊስ ሮቢን የሌላ ወፍ የክረምት መልክ ናት፣ በሙቀቱ ወራት ተለውጣ ጭራዋ ቀይ የሆነችው ወፍ ትሆናለች ብሎ ጽፎ ነበር፤ አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ስትመጣ ያያል፣ አንዷን ከሌላዋ የሚለይበት ምልክት ግን አልነበረውም። ወፍን በስልት ቁጥር ባለው የአሉሚኒየም ቀለበት መለየት የጀመረው ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ያቺ ሮቢን ተመልሳ መጣች ብለን መናገር የምንችለው ባለፈው ዓመት ብርድ ላይ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ ቁጥሯን በትክክል ስለጻፈ ብቻ ነው።

መልቀቅና መዝጋት

ለመልቀቅ ሲፈቀድላችሁ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ቁጥቋጦ አዙሩ። መስታወት ወዳለበት ወገን በፍጹም አይሁን። አትወርውሯት። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ቁጭ ብለው ዝም ይበሉ፤ ካሜራ ያለው ሰው ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ወፏ ለፎቶ አትጠብቅም። አንዳንዷ መዳፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ትቆያለች፤ አትነካኳት፣ ራሷ ትወስናለች።

አራት ሰዓት ገደማ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ መረብም ይዘጋል። መዝጋት ከመክፈት ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰው ደክሟል፣ ርቦታል። እያንዳንዱን መረብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዳችሁ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ብቻ ጠቅልሉ፤ ጥቅሉን በየመሐሉ እሰሩት፣ ነፋስ እንዳይከፍተው። ስንት መረብ እንደተከፈተ ጠዋት የጻፋችሁት ቁጥርና አሁን የዘጋችሁት መግጠም አለበት። ከረጢቶቹንም ቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ገልብጡ፤ ባዶ ይመስለኛል ማለት በቂ አይደለም። በመጨረሻም በመዝገቡ ላይ የመጨረሻው የቀለበት ቁጥርና ከተርታው የቀረው የመጀመሪያ ቀለበት ተከታታይ መሆናቸውን ከባለሙያው ጋር አረጋግጡ። ካልገጠመ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመድ ላላችሁ

ይህን ክፍል ለአገር ቤት ወገኖቻችሁ አንብቡላቸው። ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ትልልቅ ወፎች የብርዱን ወራት ጣና ሐይቅ ዳር ያሳልፋሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ በእግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች አሏቸው። ሽመላዎችም ከሩቅ በስልክ ካሜራ ሊነበብ የሚችል ትልቅ ቀለበት ይዘው በእርሻና በረግረግ ይታያሉ። በሕይወት ያለች ወፍ ስታገኙ አታሳድዷት፣ ቀለበቱንም አታውልቁ፤ የሚነበበውን ያህል ቁጥርና ፊደል ጻፉ፣ የቀለሞቹን ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች፣ ግራ እግር ቀኝ እግር እያላችሁ መዝግቡ። ሞታ ከተገኘች የቀለበቱን ፎቶ አንሱ፣ ቀለበቱን አስቀምጡ። የቦታውን ስም ከቅርብ ከተማ ጋር ጨምሩ። ዩሪንግ የተባለው የአውሮፓ የቀለበት ማዕከላት ኅብረት በድረ ገጹ ከማንም ሰው ሪፖርት ይቀበላል፤ ቀለበቷ የተጠለቀላት የትና መቼ እንደሆነም ለአግኚው ይነገረዋል።

ቀኑን ስትጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግለጹ። እ.ኤ.አ. በ2023 ቀለበት የተጠለቀላት ሽመላ «በ2016 ተገኘች» ተብሎ ከተላከ፣ ተቀባዩ ቀለበት ሳይኖራት ቀለበቷ እንዴት ተነበበ ብሎ ይጥለዋል። «ኅዳር 12 ቀን 2016፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ጻፉ፤ ከቻላችሁም ከጎኑ የፈረንጁን ቀን አክሉበት። ለመጻፍ የሚቸገር ዘመድ ካላችሁ የቀለበቱን ፎቶ፣ ቦታውንና ቀኑን ለእናንተ ይላክላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ይዛችሁት ኑ፤ ዙር ከዙር መካከል ቁጭ ብለን አብረን እንሞላዋለን።